የሳንባ ምች ይዞት ለተኛ ሰው ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ሲታዘዝ፦ ለአስታማሚ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

የራጅ ባለሙያ ነኝ። የምሠራው መሀል አዲስ አበባ ነው፣ ከፒያሳ ወደ ለገሃር ስትወርዱ ባለው ሠፈር። ቫይረስ ሳንባቸውን ያጠቃቸው፣ ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች በቃሬዛና በዊልቸር ይመጡልኛል። ከኋላቸው ደግሞ ጋቢ የታቀፈ፣ ፔስታል ያንጠለጠለ፣ እንቅልፍ ያጣ አስታማሚ አለ። አስታማሚው ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ጨረር ነው። "ወንድሜ፣ ይሄ ነገር አይጎዳትም?" ይለኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ጨረሩ አይደለም፣ ከአልጋው እስከ ማሽኑ ያለው መንገድ ነው። በመንገድ ላይ ያለቀ ኦክስጅን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያደርሰውን ጉዳት አንድ የደረት ራጅ አያደርስም። ስለዚህ ይሄን መመሪያ ስታነቡ 4ኛውን ደረጃ እንዳትዘሉት አደራ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ምስል የሚያዘው ሐኪሙ ነው፣ እዚህ ያለው የሱን ቃል አይተካም። የእናንተ ድርሻ ግን ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ሕመምተኛውን ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

1. ከአልጋው ከመነሳታችሁ በፊት ጥያቄውን ያዙ

"ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ይባል የለ? ከሥሩ እንጀምር። ምስል የቫይረሱን ስም አይናገርም። ኮቪድ ይሁን ኢንፍሉዌንዛ ይሁን ሌላ ቫይረስ፣ ያንን የሚለየው ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ የሚወሰደው ናሙና ነው። ፎቶው የሚናገረው ሳንባው ምን ያህል እንደተጎዳ፣ የት የት እንደተጎዳ፣ ደግሞ ሌላ ነገር ተደርቦ እንደሆነ ነው።

ስለዚህ ተረኛውን ሐኪም ስታገኙት እንዲህ በሉት፦ "ዶክተር፣ በዚህ ምስል ምን ለማየት ነው? ውጤቱ ሕክምናውን ይቀይረዋል?" በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ጥሩ ሐኪም የለም። ብዙውን ጊዜ መልሱ ከነዚህ አንዱ ነው፦ ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ ተመልሶ መጥቷል፣ ባክቴሪያ ተደርቦ እንደሆነ እንይ። ወይም ኦክስጅኗ በድንገት ወርዷል፣ ሳንባ ውስጥ የደም መርጋት ወይም ከሳንባው ውጪ አየር ተጠራቅሞ እንደሆነ እንይ። ወይም ቱቦ ገብቶላታል፣ ጫፉ ቦታው ላይ መሆኑን እናረጋግጥ። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው፣ ከአልጋ ለመነሳት ይበቃሉ።

መልሱ "ቤተሰብ ስለፈለገ" ከሆነ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ እዚህ አገር ከተገኘ ወዲህ ሲቲ ስካን ስሙ ገነነ። አሁንም ድረስ ሕመምተኛው እየተሻለው፣ ምግብ እየበላ፣ ኦክስጅኑ እየተቀነሰለት "ለማንኛውም ሲቲ ይነሳልን" የሚል ቤተሰብ አለ። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን እየተሻለው ላለ ሰው የየቀኑ ራጅም ሆነ ሲቲ የሚጨምርለት ነገር የለም። ገንዘባችሁ ለመድኃኒቱና ለምግቡ ቢውል ይሻላል።

2. የታዘዘው የትኛው ምስል እንደሆነ ለዩ

ማዘዣው ላይ ያለው ጽሑፍ አልነበብ ካላችሁ ሲስተሯን ጠይቁ። አራት ዓይነት ነገር ሊሆን ይችላል፣ ዝግጅታቸውም አንድ አይደለም።

መጀመሪያው የደረት ራጅ ነው። ራጅ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ ጨረር ማለት ነው። ፈጣን፣ ርካሽ፣ በየሆስፒታሉ ያለ። መቆም የሚችል ሰው ደረቱን ከሰሌዳው አስጠግቶ ይነሳል፣ ጨረሩ ከጀርባው ይመጣል። መቆም ያቃተው ደግሞ አልጋው ላይ እንዳለ በተንቀሳቃሽ ማሽን ይነሳል። ማሽኑ ወደ አልጋው መምጣት ከቻለ ሕመምተኛውን አታንቀሳቅሱት። ዋጋው ግን አለው። አልጋ ላይ የተነሳ ፎቶ ላይ ልብ ከመጠኑ ገዝፎ ይታያል፣ ሳንባውም በደንብ ስላልተነፋ ደብዘዝ ይላል። "ልቧ አብጧል" የሚል ወሬ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው አልትራሳውንድ ነው። ለሳንባ መሆኑ ብዙ ሰው ይገርመዋል። "እርጉዝ አይደለሁ፣ ምን ሊያደርግልኝ?" ያሉኝ እናት ነበሩ። ጨረር የለውም፣ ሐኪሙ ራሱ አልጋው ጋ መጥቶ ያየዋል። ጤነኛ ሳንባ ላይ አግድም የተሰመሩ መስመሮች ይታያሉ። ሳንባው ሲረጥብ ደግሞ ከሽፋኑ ተነስተው ቁልቁል የሚወርዱ ነጫጭ መስመሮች ይመጣሉ። በዛ ካሉ ሳንባው እየከፋ ነው፣ ከቀነሱ እየጸዳ ነው ማለት ነው። ዛሬና ነገ ለማወዳደር፣ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን፣ በጣም እወደዋለሁ። ጉድለቱ ከሳንባው ጥልቀት ውስጥ ያለን፣ ሽፋኑን ያልነካ ቁስል አያይም።

ሦስተኛው ያለ መድኃኒት የሚነሳ ሲቲ ስካን ነው። ሳንባውን እንደ ዳቦ እየቆራረጠ ያሳያል። ራጅ ላይ ያልታየውን ያያል። መጾም አያስፈልግም፣ መርፌ የለውም፣ ማሽኑ ውስጥ ያለው ሥራ ደቂቃ አይሞላም።

አራተኛው ኮንትራስት የሚባለው መድኃኒት በደም ሥር እየተሰጠ የሚነሳው ሲቲ ነው፣ የደም መርጋትን የሚፈልገው። ለዚህ ዝግጅት አለ። የኩላሊት ምርመራ ውጤቱ፣ ክሪያቲኒን የሚባለው፣ በእጃችሁ ይሁን። ከዚህ በፊት በኮንትራስት ሰውነቷ አብጦ ወይም ትንፋሿ ተዘግቶ ያውቅ እንደሆነ ተናገሩ። ስኳር ኖሮባት ሜትፎርሚን የምትወስድ ከሆነም ተናገሩ። ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) ደግሞ ክርን አካባቢ ባለው ትልቅ ደም ሥር ላይ፣ ሮዙ ወይም አረንጓዴው ቢሆን ይመረጣል፣ መድኃኒቱ በኃይል ስለሚገፋ እጅ ጀርባ ላይ ያለ ቀጭን ሰማያዊ ካኑላ ብዙ ጊዜ አይችለውም። ይሄን ሳያዩ የመጡ ሰዎች እኔ ጋ ከደረሱ በኋላ ሌላ ደም ሥር ስንፈልግ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል፣ ያ ሁሉ ጊዜ ሕመምተኛው ከሲሊንደር ላይ ነው የሚተነፍሰው።

የጨረሩን ነገር እዚሁ ልጨርሰው። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፣ ማንም ሰው በ10 ቀን ገደማ ከአፈሩ፣ ከአየሩና ከሰማዩ ከሚያገኘው ተፈጥሯዊ ጨረር ጋር ይስተካከላል። የደረት ሲቲ 6 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፣ የ2 ዓመቱን ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ራጁን አትፍሩት፣ ሲቲውን ያለ ምክንያት አትደጋግሙት። ጨረሩ ክፍሉ ውስጥ አይቀርም፣ በልብስም በሰውነትም ይዛችሁት ወደ ቤት አትሄዱም። ማሽኑ ሲጠፋ አምፖል እንደማጥፋት ነው። ነፍሰ ጡር ብትሆንም ደረቷ ላይ በሚነሳ ራጅ ወደ ማሕፀኗ የሚደርሰው ከ1 ሚሊግሬይ በጣም ያነሰ ነው። እርግዝናውን ግን ሁልጊዜ ቀድማችሁ ንገሩን። በተንቀሳቃሽ ማሽን ሲነሳ እናንተ 2 ሜትር ራቅ በሉ፣ ይበቃል።

3. ቀን ቁጠሩ፣ ወረቀት ላይ ጻፉ

ይሄ ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር ነው። ትኩሳቱ ወይም ሳሉ የጀመረበትን ቀን ጻፉ። ሆስፒታል የገባበትን ሳይሆን ሕመሙ የጀመረበትን።

ለምን መሰላችሁ? በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የተነሳ ራጅ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፣ ሲቲም ቢሆን አንዳንዴ ምንም አያሳይም። "ራጁ ምንም የለውም ተብለን ነበር እኮ፣ አሁን ከየት መጣ?" ብሎ የሚቆጣ አስታማሚ ብዙ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ፎቶ አልዋሸም፣ ቀኑ ገና ነበር። በኮቪድ ላይ በደንብ እንደታየው የሳንባው ጉዳት ምስል ላይ ጎልቶ የሚወጣው ሕመሙ ከጀመረ ወደ 10ኛው ቀን ገደማ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀስ እያለ ይጸዳል። ስለዚህ በ4ኛው ቀን የተነሳና በ10ኛው ቀን የተነሳ ፎቶ አወዳድራችሁ "መድኃኒቱ አልሠራም" ብላችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ። ምስል ከሰውየው ወደኋላ ይቀራል። ሰውየው ተሽሎት ሲራመድ ፎቶው ገና ነጭ ሊሆን ይችላል።

4. ኦክስጅኑን አስሉ

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የተኛበት ሆስፒታል ሲቲ ከሌለው፣ ወይም ያን ቀን ማሽኑ ተበላሽቶ ከሆነ፣ ውጪ ተነስታችሁ ኑ ትባላላችሁ። መሀል ከተማ ርቀቱ ሲታይ ምንም አይመስልም። ከሜክሲኮ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ካዛንቺስ፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ በእግር እንኳን የሚኬድ ነው። ግን ከ11 ሰዓት በኋላ ሞክሩት። ሰው ከሥራ ሲወጣ መንገዱ ይቆማል። በኮሪደር ልማቱ መንገዱም ስለተቀያየረ የድሮው አቋራጭ ላይኖር ይችላል። ሹፌሩን ቀድማችሁ ጠይቁት።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ከአንድ ሆስፒታል አንዲት እናት መጡ፣ ስድሳዎቹ ውስጥ ይሆናሉ። ሲሊንደሩን ያቀፈው የልጅ ልጃቸው ነው፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ተራ እየጠበቁ ኮሪደሩ ላይ ናቸው። ስወጣ የእናትየው ከንፈር ቀለሙ ልክ አልመሰለኝም። ሲሊንደሩ ላይ ያለውን የግፊት መለኪያ፣ ጌጁን አየሁት፣ መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቷል። ልጁ ምንም አላወቀም፣ ማንም ጌጁን ማንበብ አላሳየውም። እኛ ጋ ያለውን ኦክስጅን እየሮጥን ሰካንላቸው፣ ደግነቱ ተመለሱ። ልጁ ግን ሲሊንደሩን አቅፎ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ጥፋቱ የሱ አልነበረም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሦስት ቁጥር ነው የሚያስፈልጋችሁ። አንደኛ፣ ሲሊንደሩ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ አካሉ ላይ ተጽፏል፣ ካልታያችሁ ነርሷን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ጌጁ ላይ ያለው ግፊት በባር። ሦስተኛ፣ ሕመምተኛው በደቂቃ ስንት ሊትር ኦክስጅን እንደሚወስድ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አባዙ፣ ለሦስተኛው አካፍሉ። የሚወጣው ደቂቃ ነው።

ምሳሌ፦ ሲሊንደሩ 5 ሊትር ነው፣ ጌጁ 100 ባር ያሳያል። 5 ጊዜ 100 ማለት 500 ሊትር ኦክስጅን አለ። በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ 5 ሊትር የሚወስድ ሰው 100 ደቂቃ ይቆይበታል። በማስክ 10 ሊትር የሚወስድ 50 ደቂቃ። ከረጢት ባለው ማስክ 15 ሊትር የሚወስድ ደግሞ 33 ደቂቃ ብቻ። ያው ሲሊንደር ነው፣ ያው ጌጅ ነው። ጌጁ በሜጋፓስካል ከሆነ ቁጥሩን በ10 አባዙት፣ ባር ይሆናል።

አሁን የጉዞውን ጊዜ አስቡ። መሄጃ፣ መመለሻ፣ ወረፋ፣ ከቃሬዛ ወደ ማሽን ማዛወሪያ፣ ሁሉንም ደምሩና እጥፉን ያዙ። 40 ደቂቃ ይፈጃል ካላችሁ የ80 ደቂቃ ኦክስጅን ይኑራችሁ። ከሌለ ሁለተኛ ሲሊንደር ይጨመር፣ እሱም ከሌለ ጉዞው ይቆይ። ይሄን ስትሉ የሚቸኩላችሁ ሰው ይኖራል፣ ሐኪሙም ነርሷም ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ነውና አትቸኩሉ። በትሕትና ግን ጠንከር ብላችሁ "ሲስተር፣ ጌጁን አብረን እንየው" በሉ።

ማሽኑ ያለበት ቦታ የግድግዳ ኦክስጅን ወይም ተጨማሪ ሲሊንደር እንዳለው ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ማሽኑ ዛሬ እየሠራ መሆኑንና ወረፋው ስንት ሰዓት እንደሚደርስ አብራችሁ ጠይቁ። አምቡላንስ የምትፈልጉ ከሆነ የቀይ መስቀሉ 907 ነው፣ የከተማው እሳትና ድንገተኛ አደጋ ደግሞ 939። ማንም ቢመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ኦክስጅን አለው ወይ የሚለው ይሁን። ከባድ ኦክስጅን የሚወስድ ሰው ያለ ነርስ ከሆስፒታል አይውጣ። ኮንትራት ታክሲ ጠርቶ ይዞ መሄድ አይታሰብም።

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በጉዞው ሁሉ ጣቱ ላይ ይሁን። አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች የጤነኛ ሰው ንባብም ጅቡቲ ካለ ሰው ትንሽ ሊያንስ ይችላል፣ በዚህ አትደንግጡ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ሐኪሙን "ስንት ሲሆን ነው የምንደነግጠው?" ብላችሁ ቁጥሩን አስጽፉት። ብዙ ጊዜ ከ90 በታች እንዳይወርድ ይፈለጋል፣ ለነፍሰ ጡር ከፍ ይላል። ጥፍር ላይ ቀለም ወይም እንሶስላ ካለ መለኪያው ይሳሳታል፣ ሌላ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ሞክሩ።

5. ፀጉሩ፣ መስቀሉ፣ ክታቡ

ይሄን ማንም አይነግራችሁም፣ ግን ፎቶ ያበላሻል። ለደረት ራጅ የአንገት ሐብል፣ መስቀል፣ ብረት ያለው ጡት መያዣ፣ የጋውን ቁልፍ፣ ሁሉም ይወልቃል። ማተብ ክሩ ብቻ ከሆነ ብዙም አይረብሽ ይሆናል፣ የተንጠለጠለበት ብረት ግን ይታያል። ክታብ በቆዳ የተሰፋ ከሆነ በደንብ ይታያል። ማውለቅ የማይፈልጉ አሉ፣ አከብራለሁ። ወደ ትከሻ ወይም ወደ ጀርባ ገለል አድርጋችሁ በፕላስተር አያይዙት፣ ከሳንባው ላይ ይውረድ እንጂ የግድ መውለቅ አያስፈልገውም።

ትልቁ ነገር ሹሩባ ነው። አንዲት ወጣት ከነሹሩባዋ ተነስታ ሄደች። ጫፍ የሳንባዋ ክፍል ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ታዩ። ሳንባ ነቀርሳ ቢሆንስ ተብሎ እናቷ ስታለቅስ ነበር የደረስኩት። ፊልሙን ወደ መብራቱ አስጠግቼ ሳየው መስመሮቹ ከሳንባው አልፈው አንገቷ ላይ ሁሉ ይወጣሉ። ሳንባ ውስጥ ያለ ነገር አንገት ላይ አይወጣም። ፀጉሯን አናቷ ላይ ጠቅልለን አሥረን ድጋሚ አነሳናት፣ መስመሮቹ የሉም። ስለዚህ ሹሩባም ሆነ ረጅም ፀጉር ከአናት በላይ ይጠቅለል፣ በብረት ማስያዣ ሳይሆን በጨርቅ።

የኦክስጅን ማስክና ቱቦ ግን አይወልቅም። "ለፎቶው አንዴ ላውልቀው?" አይባልም። ቱቦውን ከደረቱ ላይ ወደ ጎን ማድረግ ይበቃል።

6. ማሽኑ ጋ፦ ትንፋሽ

ጥሩ ፎቶ የሚወጣው ሳንባው ሞልቶ ሲያዝ ነው። የታመመ ሰው ደግሞ ይሄ ያቅተዋል። ስለዚህ አልጋው ላይ እያለ፣ ወረፋ ስትጠብቁም አለማምዱት። "እማማ፣ ትንፋሽ ሳብ ያድርጉ... ያዙት... አሁን ይተንፍሱ።" አምስት ሰከንድ ከቻሉ ጥሩ ነው። ሳል ከተነሳባቸው አታስጨንቋቸው፣ አርፈው ድጋሚ ይሞክሩ። የሰለጠነ ባለሙያ በተረጋጉበት ቅጽበት ያነሳል።

አስታማሚ የባለሙያውን ቋንቋ የማይሰማ ሕመምተኛ ካለው ቀድሞ ይንገረን። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ብቻ የሚናገሩ አባት በአማርኛ "ያዙ" ስላቸው ምን ሊገባቸው? ልጃቸው ከበሩ ሆኖ ይንገርልኝ።

ለሲቲ በጀርባ ተንጋሎ መተኛት ያስፈልጋል። ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ከሆነ ይሄን ከማሽኑ ፊት ሳይሆን ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ተናገሩ። ኮንትራስት ሲገባ ሰውነቱ ሙቀት ይሰማዋል፣ ሽንቴ አመለጠኝ የሚሉም አሉ፣ ያልፋል። ማሳከክ፣ የፊት ማበጥ ወይም የትንፋሽ መዘጋት ከመጣ ግን ወዲያው ጩኹ።

ማስክ ለሕመምተኛውም ለእናንተም። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ አይምጣ፣ አንድ ሰው ይበቃል፣ ቢበዛ ሁለት። እኛም ከሱ በኋላ ሰሌዳውን እንጠርጋለን፣ ክፍሉን እናናፍሳለን፣ ስለዚህ ወረፋ መጨረሻ ላይ ብናደርጋችሁ አድልዎ አይምሰላችሁ። ኦክስጅኑ እያለቀ ከሆነ ግን በግልጽ ተናገሩ፣ ወረፋው ይሰበራል።

7. ውጤቱ ሲመጣ

ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። ከኮሪደር ሳትወጡ ስልክ ላይ እየፈለጋችሁ አትደንግጡ። የሚደጋገሙትን ልፍታላችሁ።

ግራውንድ ግላስ የሚል ቃል ታገኛላችሁ። የመታጠቢያ ቤት በር ላይ ያለውን ደብዛዛ መስታወት አስቡ። ብርሃን ያልፋል፣ ከኋላው ያለው ግን በጭላንጭል ነው የሚታየው። ሳንባ ጥቁር ሆኖ የሚታየው አየር ስለሞላው ነው። ሲቆጣና ሲረጥብ እንደዚያ መስታወት ይደበዝዛል፣ የደም ሥሮቹ ግን ውስጡ አሁንም ይለያሉ። ኮንሶሊዴሽን ከተባለ ነጩ በርትቷል፣ የደም ሥሮቹንም ሸፍኗቸዋል፣ በአየሩ ቦታ ላይ ፈሳሽ ገብቷል። ባይላተራል ማለት በሁለቱም ሳንባ፣ ፔሪፌራል ማለት ዳር ዳሩን። ኮቪድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ በሁለቱም፣ ዳር ዳሩን፣ ወደ ታችኛው ክፍል።

ፕሊዩራል ኢፊዩዥን ከሳንባው ውጪ የተጠራቀመ ውኃ ነው። ኬቪቴሽን በሳንባው ውስጥ የተቦረቦረ ቦታ ነው። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ፈሳሽና ሰፊ ጉድጓድ ሆነው ከመጡ፣ ወይም የደረት እጢዎች አብጠዋል ከተባለ፣ ለቫይረስ ብቻ አይመቹም። እኛ አገር ቲቢን መፈለግ ግድ ይላል፣ አክታው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው ማሽን ይታይ። በአንድ በኩል ያለ አንድ ወጥ ትልቅ ነጭ ደግሞ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፦ የኤችአይቪ መድኃኒት ያልጀመረ ወይም ያቋረጠ ሰው ላይ የሚመጣ አንድ የሳንባ ምች ሲቲ ላይ ከኮቪድ ጋር መንታ ነው የሚመስለው፣ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ምርመራ ሲጠይቃችሁ እፍረት ይቅር። የተደበቀ ነገር ምስሉን ለሚያነበው ሰው ጨለማ ነው።

አንዳንዱ ሪፖርት ከ25 ነጥብ ይሰጣል። ቀኝ ሳንባ 3፣ ግራው 2 ክፍል አለው፣ ለእያንዳንዱ ክፍል እንደጉዳቱ ስፋት ከ0 እስከ 5 ይሰጥና ይደመራል። 18 ከ25 አይታ ራሷን የሳተች እህት አውቃለሁ። ይሄ እንደ ትምህርት ቤት ፈተና አይደለም። 18 ነጥብ ኖሮት በአፍንጫ ቱቦ እየተነፈሰ ሻይ የሚጠጣ አለ፣ 9 ነጥብ ኖሮት ደም ረግቶበት የጨነቀው አለ። ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ሂዱ፣ ከኦክስጅኑ፣ ከትንፋሹ ብዛትና ከደም ምርመራው ጋር ያያይዘዋል።

ሪፖርቱ ተጽፎ እስኪወጣ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ሕመምተኛው እዚያ ተቀምጦ አይጠብቅ። ምስሉን በሲዲ ወይም በፊልም ተቀብላችሁ እሱን መልሱት፣ ለሪፖርቱ ሌላ ሰው ይመለስ። የደም መርጋት ወይም አየር መጠራቀም ከተፈራ ግን "አስቸኳይ ነው፣ ሐኪሙ ስልክ እየጠበቀ ነው" በሉና የሐኪሙን ስልክ ለባለሙያው ስጡ። ባለሙያዎቹ ተደዋውለው ይነጋገራሉ።

8. ፊልሙን በስልክ ስታነሱ

ለውጪ ዘመድ ወይም ለሌላ ሐኪም ቴሌግራም ላይ መላክ የተለመደ ነው። እንግዲያው በደንብ ይነሳ። ፊልሙን መስኮት ላይ፣ ነጭ ሰማይ ባለበት፣ ወይም ነጭ ባዶ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ለጥፉት። ፍላሽ አጥፉ። ቀጥ ብላችሁ ከፊቱ ቁሙ። የቀኝና የግራ ምልክቱና ቀኑ ይታይ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ ጥራቱ አይወርድም። ብዙ ሰው ያለበት የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ስሙ የሚነበብ ፊልም አትልቀቁ፣ የሰው ገመና ነው። ሲቲ ከሆነ ሲዲውን መስጠት ይሻላል፣ በስልክ የተነሱ ሦስት አራት ቁርጥራጮች ሙሉውን ሳንባ አያሳዩም።

9. ከወጣችሁ በኋላ

ከሆስፒታል ሲወጣ "ሳንባው ነጻ መሆኑን እንይ" ብላችሁ በሳምንቱ ራጅ አታስነሱ። ገና አይጸዳም፣ በከንቱ ትጨነቃላችሁ። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀጥራችኋል፣ በተለይ ዕድሜው ከ50 በላይ ለሆነ፣ ለሚያጨስ፣ ወይም በጣም ታሞ ለነበረ ሰው። በመሀል ትንፋሽ እየባሰ ከሄደ፣ ደም ያለው አክታ ከመጣ፣ ወይም አንድ እግሩ ብቻ አብጦ ካመመው ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ተመለሱ።

በቀጠሮው ቀን አዲሱን ብቻ ሳይሆን አሮጌዎቹን ፊልሞች ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ራጅ የሚነበበው በንጽጽር ነው። አትጠፏቸው፣ አትጠቅልሏቸው፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉዋቸው፣ እንጀራ ከሚጋገርበት ምጣድ አጠገብም አይቀመጡ። ጠፍጣፋ አድርጋችሁ በካኪ ፖስታ ውስጥ፣ ፍራሽ ሥር፣ በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጧቸው። ፖስታው ላይ በትልቁ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ጻፉበት።